ፌስቡክ ላይ የለጠፍሽው ልብ ወለድ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ከአንድ ዓመት በላይ በፌስቡክ ገጼ ላይ ተከታታይ ልብ ወለድ በብዕር ስም እጽፋለሁ። በቅርቡ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ታሪኩን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በድምፅ እየተረከ እንደሚያቀርበው ጓደኛዬ ነገረችኝ። ስሜ የትም የለም፤ «ከፌስቡክ መንደር የተገኘ» ብቻ ይላል። ቪዲዮዎቹ ማስታወቂያ አላቸው። ለባለቤቱ ስጽፍለት «ፌስቡክ ላይ ከለጠፍሽው በኋላ የሕዝብ ነው፤ እንዲያውም አስተዋወቅኩሽ» አለኝ። ስከራከረው ደግሞ ስሜን እንደሚጽፍና በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እንደሚልክ፣ ግን አንድ ወረቀት መፈረም እንዳለብኝ ነገረኝ። ታሪኩ አሁንም የእኔ ነው? ምን ባደርግ ይሻላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦

እህቴ፣ ታሪኩ ያንቺ ነው። ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍሽ በፊትም ያንቺ ነበር፣ ከለጠፍሽው በኋላም ያንቺ ነው። ሰውየው የነገረሽን በአገራችን ሕግም ሆነ በፌስቡክ በራሱ ደንብ አታገኚውም። ይህን ጥያቄ በሥራዬ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ብዙ ጎበዝ ጸሐፊዎች «አንዴ ወጥቷል፣ ምን አደርጋለሁ» ብለው ትተውታል። አንቺም እንዳትተዪው ስለምፈልግ ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ።

ከሕጉ ልጀምር። በኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ አንድን የጽሑፍ ሥራ ለመጠበቅ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሥራው ወጥ መሆን አለበት፤ ከሌላ ያልተቀዳ፣ ከራስሽ የመነጨ ማለት ነው። ሁለተኛ ደግሞ መጻፍ ወይም መቀረጽ፣ በሆነ ነገር ላይ መስፈር አለበት። ስልክሽ ላይ ተይቦ የተቀመጠ አንድ ክፍል ሁለቱንም ያሟላል። መብቱ የሚወለደው ጽፈሽ የጨረስሽ ዕለት ነው። ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። በመጽሐፍ መልክ መታተሙም ግዴታ አይደለም። ከታች «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ብለሽ አለመጻፍሽም ምንም አያሳጣሽም።

አዋጁ የሚሰጥሽ መብት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ይባላል። ሥራውን ማባዛት፣ መተርጎም፣ ወደ ሌላ መልክ መቀየር፣ ማሰራጨትና ለሕዝብ ማቅረብ የሚችለው ባለቤቱ ወይም ባለቤቱ የፈቀደለት ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው። ሥራው ያንቺ መሆኑ እንዲታወቅ፣ ከፈለግሽም በብዕር ስም እንዲወጣ ወይም ስም አልባ እንዲሆን የመጠየቅ መብት ነው። ሥራው ክብርሽን በሚነካ መንገድ ሲቆራረጥና ሲጣመምም መቃወም ትችያለሽ። የኢኮኖሚ መብቱ በሕይወት ዘመንሽ ሁሉ፣ ካለፍሽም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ልጆችሽ ይወርሱታል።

አሁን የቻናሉን ባለቤት ሥራ በዚህ ዓይን እንየው። ታሪክሽን አንብቦ ሲቀርጸው አባዝቶታል። ዩቲዩብ ላይ ሲጭነው ለሕዝብ አቅርቦታል። ይህ የኢኮኖሚ መብትሽን መጣስ ነው። ስምሽን መተዉ ደግሞ የሞራል መብትሽን መጣስ ነው። ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። ለዚህ ነው «ስምሽን እጽፋለሁ» ማለቱ ነገሩን የማይፈታው። ስም መጥቀስ ሁለተኛውን ጥፋት ሊያርም ይችላል፤ የመጀመሪያውን አይነካውም። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «ክሬዲት ሰጥቻለሁ» እንደ ፈቃድ ሲቆጠር አያለሁ። አይደለም። ፈቃድ የሚጠየቀው ከመጠቀም በፊት ነው፣ የሚጠየቀውም ባለቤቱ ነው። «ከፌስቡክ መንደር የተገኘ» የሚለው ሐረግ ጭራሽ ይብሳል። ፌስቡክ የጻፈው ታሪክ የለም። የጻፍሽው አንቺ ነሽ።

እዚህ ላይ ሰውየው አንድ እውነተኛ ክርክር ሊያነሳ ይችላል፤ ቀድመሽ ብታውቂው ይጠቅምሻል። «ድምፁ የእኔ ነው፣ ሙዚቃውንና ቅንብሩን የሠራሁት እኔ ነኝ» ሊልሽ ይችላል። ልክ ነው። ሕጉ ለከዋኝ (ሥራውን ለሚተርክ ወይም ለሚጫወት ሰው) እና ለድምፅ ቅጂ አዘጋጅ የራሳቸውን መብት ይሰጣል፤ የአዋጁ ስም ላይ «ተዛማጅ መብቶች» የተባሉት እነሱ ናቸው። ትረካውን ሌላ ቻናል ቢሰርቀው ሊከስ ይችላል። ግን ያ መብት የቆመው ባንቺ ድርሰት ላይ ነው። ያለ ድርሰትሽ ትረካ የለም፣ ያለ ፈቃድሽም ያን ትረካ ለሕዝብ ማቅረብ አይችልም። ጥሩ ድምፅ ያለው መሆኑ ጉዳዩን አይለውጠውም።

ሕጉ ያለ ፈቃድ የሚፈቅደውም አለ። አንድ ሰው ስለ ልብ ወለድሽ ሲናገር ጥቂት አንቀጾች ቢጠቅስ፣ ስምሽንና ምንጩን ካስቀመጠና ከዓላማው ያላለፈ ከሆነ አትከሽውም። ለግሉ ቀድቶ ቢያነብም እንደዚያው። ሐሳብም አይጠበቅም። ወደ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ፣ በዕቁብ ገንዘብ የተጣሉ ጎረቤታሞች፣ ከገጠር መጥቶ መርካቶ ውስጥ የከበረ ወጣት፤ እነዚህን ማንም ሊጽፋቸው ይችላል። የተጠበቀው አንቺ የጻፍሽበት መንገድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ፣ ምልልሱ፣ ገጸ ባሕርያቱና የታሪኩ አካሄድ። ያንቺ ጉዳይ ላይ ግን ይህ አያከራክርም። ክፍል በክፍል፣ ቃል በቃል ነው የተነበበው።

ወደ ፌስቡክ እንምጣ። አካውንት ስትከፍቺ የተስማማሽበት ረጅም ደንብ አለ፤ አብዛኛው ሰው አያነበውም። ደንቡ የለጠፍሽው ነገር ባለቤት አንቺ እንደሆንሽ በግልጽ ይናገራል። ለኩባንያው የምትሰጪው ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ሰፊ ነው። ጽሑፍሽን እንዲያከማች፣ እንዲያሳይ፣ እንዲያሰራጭ፣ እንዲተረጉም፣ ቅርጹን እንዲያስተካክል፣ ይህንንም በመላው ዓለም ያለ ክፍያ እንዲያደርግ ይፈቅድለታል። ይህ ፈቃድ ባይኖር ጽሑፍሽ ከሐዋሳ ተነስቶ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ባለ አንባቢ ስልክ ላይ መታየት አይችልም ነበር። ዕቃ ጠቅልለሽ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጥተሽ «አዲስ አበባ ለእህቴ አድርስልኝ» ስትይው ዕቃው የረዳቱ አይሆንም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ተሳፋሪማ ጭራሽ አያገባውም። የቻናሉ ባለቤት ያ ተሳፋሪ ነው።

ተጠቃሚዎች ያላቸው መብት ፌስቡክ በሰጣቸው ቁልፍ ልክ ነው። ሼር የሚለውን ቢጫኑ ጽሑፉ ከነስምሽ፣ ከነገጽሽ ይሄዳል። አንቺ ስታጠፊው ከእነሱም ዘንድ ይጠፋል። ኮፒ አድርጎ በራስ ገጽ መለጠፍ ግን ሼር አይደለም። አንብቦ ዩቲዩብ ላይ መጫን ደግሞ ጭራሽ ከዚያ ቤት ውጭ ነው።

«ፐብሊክ አድርጌ ለጥፌዋለሁ እኮ» ትዪ ይሆናል። ፐብሊክ ማለት ማንም ሊያነበው ይችላል ማለት ነው፤ ማንም ሊወስደው ይችላል ማለት አይደለም። ይህ ክርክር በአንድ ትልቅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ዳንኤል ሞሬል የተባለ ሄይቲያዊ ፎቶግራፍ አንሺ ፖርቶ ፕራንስ ውስጥ ነበር። ያነሳቸውን ፎቶዎች በትዊተር በኩል አወጣ። ኤኤፍፒ የተባለው የፈረንሳይ የዜና ወኪል ፎቶዎቹን ያለ ፈቃዱ ወስዶ አሰራጨ፤ ጌቲ ለተባለው የፎቶ ድርጅትም አሳለፈ። ሲጠየቅ የሰጠው መከራከሪያ ያንቺ ሰውዬ ከሚለው ብዙም አይርቅም። ትዊተር ላይ የወጣ ነገር በትዊተር ደንብ መሠረት ሌሎች ሊጠቀሙበት ይችላሉ አለ። የኒውዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት በጥር 2013 ይህን ውድቅ አደረገ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከሕዝብ የተመረጠ የፍርድ ሸንጎ (ጁሪ) ለሞሬል 1.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። የአሜሪካ ፍርድ የኛን ፍርድ ቤት አያስገድድም። ነገሩ ግን ያው ነው፤ ለመድረኩ የተሰጠ ፈቃድ በራሱ ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም።

በነገራችን ላይ ለኩባንያው የሰጠሽው ፈቃድ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በፌስቡክና በኢንስታግራም ፐብሊክ የሆኑ ጽሑፎችን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን እንደሚጠቀም ራሱ ተናግሯል። አውሮፓ የሚኖሩ ተጠቃሚዎች በቅጽ ተቃውሞ እንዲያቀርቡ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ እኔንም ያሳስበኛል፤ ካንቺ ጥያቄ ግን ይለያል። ሙሉውን ልብ ወለድ ከመልቀቅ የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ለመጽሐፍ ማስቀረት ከሚያስቡት ጸሐፊዎች ጋር በዚህ እስማማለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። በመጀመሪያ በንዴት ምንም እንዳታጠፊ። ብዙ ጸሐፊዎች ሲሰረቁ ጽሑፋቸውን ከገጻቸው ላይ ያነሳሉ። ትልቁን ማስረጃቸውን በገዛ እጃቸው ማጥፋታቸው ነው። እያንዳንዱ ፖስት የወጣበትን ቀን ይዟል። ከሥሩ የአንባቢዎችሽ አስተያየት አለ፤ «ቀጣዩን ክፍል መቼ ነው?» የሚል ኮሜንት ከቻናሉ ቪዲዮ ወራት ቀድሞ መጻፉ ጥሩ ምስክር ነው። የድሮዎቹን ክፍሎች አሁን ገብተሽ ማረምም ይቅርብሽ፤ ፌስቡክ የእርማት ታሪክ ያሳያል፣ ሳያስፈልግ ጥያቄ ያስነሳል። ፌስቡክ ያለሽን መረጃ ሁሉ የምታወርጂበት አማራጭ በሴቲንግ ውስጥ አለው፤ አውርጂና ሌላ ቦታ አስቀምጪው። የመጀመሪያ ረቂቅሽ በስልክሽ ኖት ወይም በደብተር ካለም አትጣይው።

ከዚያ የእሱን ሥራ መዝግቢ። ስክሪንሾት ብቻውን ደካማ ነው፤ ማንም ሊቀይረው ይችላል። የእያንዳንዱን ቪዲዮ ሊንክ፣ የተጫነበትን ቀን፣ የተመልካቹን ብዛት፣ ማስታወቂያ ወይም ስፖንሰር ካለው እሱን ጻፊ። ቪዲዮዎቹንም አስቀምጪ፤ ነገ ሊያጠፋቸው ይችላል። የተጻጻፋችሁትም ይቀመጥ። «ፌስቡክ ላይ ከለጠፍሽው የሕዝብ ነው» ሲልሽ ታሪኩን ካንቺ ገጽ መውሰዱን በራሱ አፍ አምኗል። ይህ መልእክት ወርቅ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው ለዩቲዩብ የምታመለክቺው። ዩቲዩብ የአሜሪካ ኩባንያ ስለሆነ የሚሠራው በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ነው፤ በምህፃረ ቃል ዲኤምሲኤ ይባላል። ሕጉ መድረኮች ባለመብቱ ሲያመለክት ይዘቱን እንዲያነሱ ይገፋፋቸዋል፤ ካላነሱ ራሳቸው ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ማመልከቻው ነጻ ነው፣ ጠበቃ አይጠይቅም፣ ሰውየው ሐዋሳም ይኑር ቶሮንቶ ለውጥ የለውም። የዩቲዩብን የቅጂ መብት ቅጽ ከፍተሽ የራስሽን ፖስቶች ሊንክ፣ የሱን ቪዲዮዎች ሊንክ፣ ስምሽንና አድራሻሽን ትሞያለሽ። መብቱ ያንቺ እንደሆነ በእውነት እንደምታምኚ ታረጋግጫለሽ። ይህ ማረጋገጫ በሕግ ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ያንቺ መሆኑን እርግጠኛ የሆንሽበትን ብቻ አመልክቺ። ቪዲዮው ወዲያው እንዲነሳ መምረጥ ትችያለሽ፤ ወይም ራሱ እንዲያነሳው የ7 ቀን ጊዜ መስጠት ትችያለሽ። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ቅጣት የተሰጠው ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ሰውየውም ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ወረቀት ፈርሚ የሚልሽ ብዬ እገምታለሁ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በዪ። በብዕር ስም ነው የምትጽፊው ብለሻል። ቅጹ እውነተኛ ስምሽን ይጠይቃል፤ ስምሽና አቤቱታሽም ለሰውየው ሊደርስ ይችላል። ማንነትሽ እንዳይታወቅ የምትፈልጊበት ምክንያት ካለሽ በሕጋዊ ወኪል ወይም በጠበቃ በኩል አመልክቺ። ወኪሉ የራሱን አድራሻ ማስቀመጥ ይችላል። ይህን አቅልለሽ እንዳታዪው። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ትዳር የሚጽፉ ሴቶች የብዕር ስም የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላው፣ ሰውየው የተቃውሞ ማመልከቻ ሊያስገባ ይችላል። ያኔ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድሽን ካላሳየሽ ዩቲዩብ ቪዲዮውን ሊመልሰው ይችላል። ብዙ ሰው ይህ ደብዳቤ ሲደርሰው ተሸነፍኩ ብሎ ይደነግጣል። መሸነፍ አይደለም። ዩቲዩብ ዳኛ ስላልሆነ «ክርክራችሁን ፍርድ ቤት ጨርሱ» ማለቱ ነው። ተቃውሞ የሚያስገባ ሰው ግን ስሙንና አድራሻውን መስጠት፣ የአሜሪካን የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣንም መቀበል አለበት። ቃል በቃል ቀድቶ ማንነቱን ደብቆ የሚሠራ ሰው እዚህ ድረስ የሚሄደው እምብዛም ነው። ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራምም ተመሳሳይ የማመልከቻ መንገድ አላቸው። ቴሌግራም ላይ ይህ የሚሠራው ለክፍት ቻናሎች ነው፤ በግል ቻትና ግሩፕ ውስጥ የሚዞረውን አይነካም።

ፍርድ ቤትስ? ይቻላል። የቅጂ መብት በኢትዮጵያ የፌዴራል ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤቱ ስርጭቱን የሚያቆም ጊዜያዊ እግድ ሊሰጥ፣ የደረሰብሽን ጉዳትና ሰውየው ከጥሰቱ ያገኘውን ትርፍ ሊያስከፍል ይችላል። የተመልካቹን ብዛትና ስፖንሰሩን መዝግቢ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ለሞራል ጉዳት ደግሞ አዋጁ ካሳው ከ100,000 ብር እንዳያንስ ወለል አስቀምጧል። ሆን ብሎ መጣስ በወንጀልም ያስጠይቃል። ሰውየው የሚኖረው ውጭ አገር ከሆነ ግን እዚህ የተሰጠ ፍርድን እዚያ ማስፈጸም ሌላ ረጅም መንገድ ነው። እንደዚያ ከሆነ ጉልበትሽን በማስነሳቱ ላይ አውይው። ለወደፊቱ ሥራሽን ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቢ። ምዝገባው መብት አይፈጥርም፤ ክርክር ሲነሳ ግን የቀኑን ጥያቄ በአንድ ወረቀት ይዘጋል።

የቀረው የሚያስፈርምሽ ወረቀት ነው፤ ከሁሉም በላይ የምፈራልሽ እሱን ነው። እስካሁን ምንም አላጣሽም። ልታጪ የምትችዪው በፊርማሽ ነው። ሕጉ የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው ያለው ጸሐፊን ለመጠበቅ ነው። በስልክ «እሺ፣ ይሁን» ብትዪው መብቱን አልሰጠሽውም። ፊርማ ግን ፊርማ ነው። ወረቀቱ ላይ «ሙሉ በሙሉ አስተላልፌያለሁ»፣ «በማንኛውም መልክ»፣ «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚሉ ቃላት ካሉ እንዳትፈርሚ። እንዲህ ከፈረምሽ ነገ መጽሐፍ ላሳትም ስትዪ ወይም የፊልም ሰው ሲመጣ «ከኔ ጋር ተነጋገሩ» ይላል። ውሉ ጊዜ ካልወሰነ አዋጁ ማስተላለፉ በ10 ዓመት፣ ፈቃዱ በ5 ዓመት ያበቃል ይላል። ለአንድ ጀማሪ ጸሐፊ 10 ዓመት ብዙ ነው።

ትረካው ጥሩ ሆኖ፣ አብረሽው መሥራት ከፈለግሽ ግን እምቢ በዪ አልልሽም። ትረካ አንባቢ ያመጣል፤ ማንበብ ለማይችሉ፣ ሥራ ላይ ሆነው ለሚያዳምጡም ይደርሳል። ወረቀቱን አንቺ ጻፊው። «ፈቃድ» ይበል፣ «ማስተላለፍ» አይበል። ከክፍል 1 እስከ ስንት እንደሆነ ይጠቀስ። ለድምፅ ትረካ፣ በዚያ አንድ ቻናል ላይ ብቻ ይሁን። ለአንድ ዓመት ይሁን፤ ከዚያ ማደስ ይቻላል። የብዕር ስምሽ በርዕሱ ላይ ይጻፍ፣ በትረካው መጀመሪያም ይነገር። ገንዘቡ «ትንሽ» ተብሎ አይተው። የማስታወቂያ ገቢው ስንት በመቶ እንደሚደርስሽ ይጻፍ፤ በየወሩም የቻናሉን የገቢ ሪፖርት ያሳይሽ። መጽሐፍ፣ ፊልም፣ ሬዲዮና ትርጉም ያንቺ እንደሆኑ በአንድ መስመር ይቀመጥ። ይህ መስመር ቀላል አይምሰልሽ። በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለጋዜጣ የጻፉ ነጻ ጸሐፊዎች ጽሑፋቸው ያለ ፈቃዳቸው ወደ ኤሌክትሮኒክ መረጃ ቋት በመግባቱ ኒውዮርክ ታይምስን ከሰው ሲረቱ፣ ጸሐፊዎቹ ያን መብት በውል አላስተላለፉም ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ሕጉ ለጋዜጣው የሚተውለት መብት እስከዚያ አይደርስም አለ።

እስካሁን ያለ ፈቃድሽ የተለቀቁት ክፍሎች ለብቻቸው ሒሳብ ይደረግባቸው። በአዲሱ ወረቀት መጨረሻ ላይ «ስላለፈው ምንም የምጠይቀው የለም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ልትገባ ትችላለች። እሷን ካየሽ ስንት እንደሚከፍልሽ እስኪጽፍ ድረስ እንዳትፈርሚ። ረቂቁን ሲልክልሽም ጠበቃ ያንብብልሽ።